4 ሴንቲሜትር ያለፈ የመስማት ነርቭ ዕጢ፦ ጅማ ላይ የተሠራ ኦፕሬሽን ከምርመራ እስከ ክትትል

ታካሚዋ የ41 ዓመት ሴት ናት። በጅማ ዞን ቡና አብቃይ ከሆኑት ወረዳዎች በአንዱ የምትኖር አርሶ አደርና የአራት ልጆች እናት ናት። ይዛው የመጣችው ሪፈር ወረቀት «የቆየ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ» ይላል፤ ስለ ጆሮ ምንም አልተጻፈበትም። ከሥር ከሥሩ ስትጠየቅ ግን ሕመሙ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት በቀኝ ጆሮዋ ነው። ስልክ በቀኝ ጆሮዋ ስታነሳ ድምፁ ይሰማታል፣ ቃሉን ግን መለየት ያቅታታል። ስልኩን ወደ ግራ አዛወረችና በዚያው ለመደችው። አንድ ክሊኒክ ጆሮዋን አጥቦ ጠብታ ሰጣት። ቀጥሎ በዚያው ጆሮ ውስጥ ጢዝ የሚል ድምፅ መጣ። ከዓመት በኋላ ፊቷን ስትታጠብ ውኃው በቀኝ ጉንጯ ላይ አይታወቃትም ጀመር፤ ሲመሽ ስትራመድም ወደ ቀኝ ትንገዳገዳለች። ሆስፒታል ከመምጣቷ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት በማለዳ የሚብስና የሚያስመልስ ራስ ምታት ተጨመረበት፤ ዓይኗም ይጋረድባት ያዘ።

ሦስቱ ዓመታት የባከኑት እዚህ ላይ ነው። መግል የሌለው፣ ታምቡሩ ጤነኛ የሆነ፣ ግን በአንድ ወገን ብቻ የደከመ ጆሮ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የነርቭ ችግር ተብሎ መያዝ አለበት። ይህን ለመጠርጠር ኤምአርአይ አያስፈልግም። አንድ ቱኒንግ ፎርክ፣ ሲመታ የሚጮህ ሹካ መሰል ብረት፣ ይበቃል፤ አጠቃቀሙን በደንብ ማወቅ ግን ግድ ነው።

በዚህች ታካሚ ላይ የታየውን እንውሰድ። 512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ግንባሯ መሃል ሲቀመጥ ድምፁን በግራ ሰማችው። ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ አጥንቱ ላይ ሲደረግ «ይሰማኛል» አለች፤ ጆሮዋ ፊት ለፊት ሲያዝ ግን ምንም አልሰማችም። ለቸኮለ መርማሪ ይህ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም ይመስላል፣ ሕክምናውም ወደ ጠብታ ይመለሳል። የሆነው ግን የራስ ቅሉ አጥንት ድምፁን ወደ ጤነኛው ግራ ጆሮ ማሻገሩ ነው። ግራው ጆሮ በጣት እየታሸ ምርመራው ሲደገም በቀኝ በኩል መስማቷ ጨርሶ ጠፋ። ሌላው ፍንጭ የግንባሩ ምርመራ ራሱ ነበር፤ ችግሩ የመካከለኛው ጆሮ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ወደታመመው ወደ ቀኙ ያዘነብል ነበር።

የቀሩት ምልክቶች ዕጢው የት እንደደረሰ ተናገሩ። የቀኝ ዓይኗ ብሌን በጥጥ ጫፍ ሲነካ አልተርገበገበችም፤ የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው አምስተኛው ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ወደ ቀኝ ስትመለከት ዓይኖቿ በዝግታና በሰፊው፣ ወደ ግራ ስትመለከት ደግሞ በፍጥነትና በጥቂቱ ይወዛወዛሉ፤ ይህ ትልቅ ዕጢ በትንሹ አንጎልና በአንጎል ግንዱ መካከል ባለው ጥግ ውስጥ ሆኖ ግንዱን ሲጫን የሚታይ ነው። በቀኝ እጇ አፍንጫዋን ስትነካ ትስታለች። የሁለቱም ዓይኖች የእይታ ነርቭ ራስ አብጧል፤ እይታዋ በቀኝ 6/24፣ በግራ 6/18 ነው (ጤነኛው 6/6 ነው)። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ይንቀሳቀሳል፣ ትውጣለች፣ ድምፅዋም ጤነኛ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከኦፕሬሽን በፊት በጽሑፍ ካልተመዘገቡ በኋላ የሚታየው ለውጥ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ዕጢው ቬስቲቡላር ሽዋኖማ ነው፤ ብዙዎች አኮስቲክ ኒውሮማ ይሉታል። የስምንተኛውን የራስ ቅል ነርቭ የሚዛን ክፍል ከሚሸፍኑት የሽዋን ሴሎች ይነሳል። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሌላ አካልም አይዛመትም። ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል፤ ለዓመታት ባለበት የሚቆይም አለ። አደገኛ የሚያደርገው ቦታው ነው። ከውስጠኛው ጆሮ ቦይ ተነስቶ በትንሹ አንጎልና በፖንስ (የአንጎል ግንዱ መካከለኛ ክፍል) መካከል ወዳለው ጥግ ሲወጣ ከፊቱ የፊት ገጽን የሚያንቀሳቅሰውን የፊት ነርቭ፣ ከላዩ አምስተኛውን ነርቭ፣ ከታቹ የመዋጥና የድምፅ ነርቮችን፣ ከጎኑ የአንጎል ግንዱን ያገኛል። በዚህ ጥግ ከሚገኙ ዕጢዎች 80 በመቶ ያህሉ ይኸው ዓይነት ነው።

በኤምአርአይ የታየው ዕጢ በሰፊው 4.2 ሴንቲሜትር ነበር። ጋዶሊኒየም በሚባለው የምስል ማጉያ መድኃኒት የሚበራ፣ በውስጡ ሁለት ፈሳሽ የያዙ ከረጢቶች ያሉበት፣ በኩስ መለኪያ 4ኛ ደረጃ፣ ማለትም የአንጎል ግንዱን ገፍቶ ያዛባ ነው። የቀኙ ጆሮ ቦይ ከግራው ሰፍቷል፤ ይህ ከአንጎል ሽፋን ከሚነሳው ዕጢ፣ ከሜኒንጂዮማ፣ ለመለየት ይረዳል፤ ሜኒንጂዮማ በአብዛኛው ዱራ ከሚባለው ጠንካራ የአንጎል ሽፋን ጋር በሰፊው ይያያዛል፣ ቦዩንም እምብዛም አያሰፋም። በግራ በኩል ዕጢ አልታየም። ቢታይ ኖሮ ኤንኤፍ2 የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይጠረጠር ነበር፤ የሕክምናው ዕቅድም ልጆቿን ከመመርመር ጀምሮ ሌላ ይሆን ነበር። የአጥንቱ ሲቲ ስካን ለብቻው ታይቷል፣ ሁለት ነገር ለማወቅ፦ የጁጉላር ደም ሥር ሰፊው የላይ ጫፍ ከቦዩ ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የቦዩ ግድግዳ ውስጥ የአየር ክፍሎች እንዳሉና እንደሌሉ። ደም ሥሩ ዝቅ ያለ ነበር። የአየር ክፍሎች ግን ነበሩ፤ ወደ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

በጨረር ማከም እዚህ ምርጫ አይደለም። ከ3 ሴንቲሜትር በታች ለሆነና ግንዱን ላልተጫነ ዕጢ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ይኸኛው ግን ቦታ ማስለቀቅን ይጠይቃል፣ ጨረር ደግሞ ቦታ አያስለቅቅም። እያዩ መጠበቅም በእይታዋ ላይ መፍረድ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔ አንጎል ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ (ሃይድሮሴፋለስ) ነበር። ዕጢው አራተኛውን የአንጎል ክፍል ተጭኖ የአንጎል ፈሳሽ መውጫውን አጥብቧል፤ እንዲህ ያለ ዕጢ በፈሳሹ ውስጥ የሚጨምረው ፕሮቲንም መመጠጡን ያውካል። ዕጢው ሲወጣ ሃይድሮሴፋለሱ በራሱ የሚሻላቸው ብዙዎች ስለሆኑ በርካታ ማዕከላት ሸንት፣ ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚወስድ ቱቦ፣ ሳያስገቡ በቀጥታ ወደ ዕጢው ይሄዳሉ፤ ካስፈለገ በኦፕሬሽኑ ሰዓት ጊዜያዊ ማፍሰሻ ያደርጋሉ። ይህ ትክክለኛ መንገድ የሚሆነው ኦፕሬሽኑ በቀናት ውስጥ መሠራት ሲችል ነው። እዚህ ደም፣ ማይክሮስኮፕ፣ የአይሲዩ አልጋና የአንድ ሙሉ ቀን የኦፕሬሽን ክፍል አንድ ላይ እስኪገኙ ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር፤ የእይታ ነርቯ ደግሞ ሁለት ሳምንት የሚታገሥ አልነበረም። ስለዚህ መካከለኛ ግፊት ያለው ቪፒ ሸንት (ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚወስድ) ገባላት፣ ሆን ተብሎም በግራ በኩል፤ ቱቦው ከቀኙ የኦፕሬሽን ቦታ እንዲርቅ። ማስመለሱ በሁለተኛው ቀን ቆመ። በዚህ ሁኔታ ሸንቱ ተገቢ ነበር እንላለን፤ ዕዳው ግን ለዕድሜ ልክ ነው፤ በኋላም በሌላ መልክ ዋጋ አስከፍሏል።

ከቤተሰቡ ጋር የተደረገው ንግግር በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ ባለቤቷና ታላቅ ወንድሟ ተገኝተዋል። ወንድሟ «ዶክተር፣ አንዴ ከከፈታችሁ አይቀር ሥሩ ሳይቀር አውጥታችሁ ጨርሱልን፤ ሁለተኛ ጭንቅላቷ አይከፈት» አለ። ታካሚዋ ጠብቃ «ፊቴስ?» ብላ ጠየቀች። የኦፕሬሽኑ ሙሉ ጭብጥ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ነው። ትልቅ ዕጢ የፊት ነርቭን ጎትቶ ስስ ሪባን ያደርገዋል፣ ከራሱም ጋር ያጣብቀዋል። የመጨረሻዋን ቁራጭ ከዚያ ላይ መላጥ ማለት ብዙ ጊዜ ነርቩን መበጠስ ነው። ቤተሰቡ የተነገረውና የፈረመበት ዓላማ በቅደም ተከተል ይህ ነበር፦ በመጀመሪያ ሕይወቷ፣ ቀጥሎ የአንጎል ግንዱን ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ ፊቷ፣ በመጨረሻ ዕጢውን ጨርሶ ማውጣት። የቀኝ ጆሮዋ መስማት እንደማይመለስ በግልጽ ተነገራቸው። ቁራጭ ከቀረም ለዓመታት በኤምአርአይ እንደሚታይ፣ ካደገም በጨረር ወይም በድጋሚ ኦፕሬሽን እንደሚታከም ተነገራቸው። ይህ ንግግር ከኦፕሬሽን በፊት መደረግ አለበት። ሰባት ሰዓት ከሠራ በኋላ የደከመ ሐኪም «ትንሽ ነው የቀረው» በሚል እልህ እንዳይቀጥል የሚይዘው ቀድሞ የተስማማበት ቅደም ተከተል ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዕጢውን ሆድ ብቻ እየጠረገ ሽፋኑን በመተው የሞት መጠኑን በእጅጉ ቀነሰ፤ ዕጢው ግን ይመለስ ነበር። ሌላው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሽፋኑም ጭምር ካልወጣ ሕክምና አይባልም ብሎ ተከራከረ። ዛሬ ማይክሮስኮፕና የነርቭ ማነቃቂያ ስላሉ ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው፦ ከግንዱ ላይ ዳንዲን፣ ከፊት ነርቭ ላይ ኩሺንግን መስማት።

ዝግጅት

ክብደቷ 52 ኪሎ ነው። እብጠት ቀናሹ ዴክሳሜታዞን 4 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ከሦስት ቀን በፊት ተጀመረ። 3 ዩኒት ደም ተዘጋጀ፤ ምትኩን ዘመዶቿ ለገሱ። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲኩ ሴፋዞሊን 2 ግራም፣ ቆዳው ሲቀደድ ደግሞ ከአንጎል ውኃ የሚስበው ማኒቶል 40 ግራም ተሰጠ፤ ይህ ከ20 በመቶው 200 ሚሊሊትር ነው።

ጡንቻ ማላሊያ ቱቦ ለማስገባት ብቻ፣ አንዴና አጭር የሚሠራው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ መስጠት የፊት ነርቭ መልስ እንዳይታይ ያደርጋል። ግን ማላሊያ የሌለው ታካሚ ማደንዘዣው ትንሽ ከሳሳ ጭንቅላቱ በሦስት ፒን ታስሮ እያለ ሊያስል ይችላል፤ ያ የአንገት ጉዳት ወይም የቆዳ መቀደድ ያስከትላል። ስለዚህ የማደንዘዣው ጋዝና ፕሮፖፎል ከሕመም ማስታገሻው ፈንታኒል ጋር እንዳይቋረጡ ኃላፊነቱ ለአንድ ሰው ተሰጥቷል።

የጡንቻ ኤሌክትሪክ መቅረጫ አልነበረም። የነበረው መጠኑ የሚስተካከል፣ በእጅ የሚያዝ የነርቭ ማነቃቂያ (ስቲሙሌተር) ነው። እንዲህ ሲሆን የሰው ዓይን መቅረጫውን ይተካል፤ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፌዶር ክራውዘ በ1898 (እ.ኤ.አ.) ያደረገው ይህንኑ ነበር። የቀኙ ፊቷ በሚያሳይ ፕላስቲክ ተሸፈነ፣ የዓይኗ ቆብ ግልጽ በሆነ ፕላስተር ተዘጋ፤ አንዲት የአኔስቴዥያ ባለሙያ ከሸራው ሥር ተቀምጣ የአፏን ጥግና ቆቡን ብቻ እንድትመለከት ተመደበች። የቃል ምልክቱ አጭር ነው፦ «አፍ»፣ «ዓይን»፣ «ምንም»። ድካም ስለሚያዘናጋ በየ40 ደቂቃው ትቀየራለች። ዘዴው ይሠራል፤ ጉድለቱ መቅረጫ የሚይዘውን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ዓይን አለማየቱ ነው። ስለዚህ በዓይን «ምንም» የተባለበት ቦታ ነርቭ የለበትም ማለት አይደለም።

አቀማመጧ በግራ ጎኗ ነው፤ ከግራ ብብቷ ሥር ጥቅልል፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ፣ የኦፕሬሽን ጠረጴዛው ራስጌ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ብሎ። የቀኝ ትከሻዋ በፕላስተር ወደ እግር ተሳበ፣ በኃይል ግን አይደለም፤ የክንድ ነርቮች ይጎዳሉ። አገጯና ደረቷ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ካልገባ የአንገት ደም ሥር ይታፈንና ትንሹ አንጎል ዱራው ሲከፈት ይገፋል። ብዙ ጊዜ «አንጎሉ አበጠ» የሚባለው ጥፋት ከአቀማመጥ ይመጣል። ፒኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት የሸንቱ መንገድ በብዕር ተሰምሮ ነበር።

ኦፕሬሽኑ

ከጆሮዋ ጀርባ 4 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ 7 ሴንቲሜትር የሚሆን ጎበጥ ያለ የመቅደጃ መስመር ተሰመረ። አጥንቱ የተከፈተው አስቴሪዮን ከሚባለው የአጥንት መገናኛ በታችና ትንሽ ወደ ኋላ ተጀምሮ ነው፤ ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ላዩ ትራንስቨርስ ሳይነስን፣ ፊቱ ሲግሞይድ ሳይነስን፣ ማለትም ትልልቆቹን የአንጎል ደም መላሽ ሥሮች፣ እስኪያሳይ። እዚያ መድረስ ግድ ነው። ሐኪም ሳይነሱን ፈርቶ 1 ሴንቲሜትር ቀደም ብሎ ከቆመ ያቺን ጎደሎ በኋላ ትንሹን አንጎል በመጎተት ይከፍላታል። የማስቶይድ ደም ሥሯ ስትቀደድ ደምም አየርም ስለምታሳልፍ ወዲያው በቦን ዋክስ (አጥንት በሚደፍን ሰም) ተዘጋች።

ዱራው ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ዕጢውን መፈለግ አይደለም፤ ከታች በኩል ያለውን የፈሳሽ ከረጢት ከፍቶ መታገሥ ነው። ትንሹ አንጎል ላይ እርጥብ ጥጥ ተደርጎ የታችኛው ጥግ በቀስታ ተነሳ፣ ፈሳሹ ወጣ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ማንም ምንም አልነካም። ትንሹ አንጎል በራሱ ወደ ኋላ ተቀመጠ፤ ሪትራክተር (አንጎል የሚገፋ መያዣ) አላስፈለገም።

የዕጢው ጀርባ ቢጫ፣ ላዩ ላይ ደም ሥሮች የተዘረጉበት ነበር። ከመቀደዱ በፊት ሽፋኑ በሙሉ በ1 ሚሊአምፔር ተፈተሸ። የፊት ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ ከዕጢው ፊት ነው የሚሆነው፤ አልፎ አልፎ ግን ከኋላ ያልፋል፤ ሳይፈተሽ የተቀደደ ሽፋን በመጀመሪያው ደቂቃ ነርቩን ሊቆርጥ ይችላል። መልሱ «ምንም» ስለነበር ሽፋኑ በባይፖላር (በኤሌክትሪክ ደም በሚያደርቅ መቆንጠጫ) ደርቆ 1.5 ሴንቲሜትር መስኮት ተከፈተ፣ የዕጢው ሆድ መጠረግ ጀመረ።

ኩሳ የሚባለው በአልትራሳውንድ ሰባብሮ የሚመጥ መሣሪያ አልነበረም። ሥራው በዕጢ መያዣ ፎርሴፕስ፣ በቀለበት ኩሬት፣ በባይፖላርና በሰክሽን ነው የተሠራው፦ በባይፖላር ማድረቅ፣ መቁረጥ፣ ማውጣት፣ እንደገና ማድረቅ። ይህ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። የሚያሳስተው ትዕግሥት ማጣት ነው። ዕጢው ሳይጎድል ሽፋኑን የሚጎትት እጅ ግንዱንና የፊት ነርቭን አብሮ ይጎትታል። በፎርሴፕስ የተያዘ ቁራጭ «አልመጣም» ካለ ይቆረጣል እንጂ አይመዘዝም። ሽፋኑ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲቀረውና ሲታጠፍ እሺ ሲል ያኔ ከውጭ መላጥ ይጀመራል። ከሁለቱ ከረጢቶች አንዱ ሲፈነዳ ቦታ ሰጠ፤ የከረጢቱ ስስ ግድግዳ ግን ከግንዱ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ያ ክፍል በግድ አልተላጠም።

የከሰዓት ዝናብ ሲጀምር መብራት ሄደ። ጅማ ላይ ክረምት ኦፕሬሽን የሚሠራ ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማይክሮስኮፑ ጨለመ፣ ሰክሽኑም ቆመ። ሥርዓቱ ቀድሞ የተነገረ ነበር፦ እጅ ባለበት ይቆማል፣ መሣሪያ ከጥልቅ ቦታ አይወጣም፣ ስክራብ ነርሷ የባትሪ መብራት ከላይ ታበራለች፣ ረዳቱ ውኃና ጥጥ ብቻ ያስገባል። በእግር እየተረገጠ የሚሠራ ሰክሽን ጠረጴዛው ሥር መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው። ድሪል የሚሠራበት ሰዓት ላይ ቢሆን አደጋው የባሰ ስለሚሆን የቦዩ አጥንት መቅደድ ጄኔሬተሩ ከተረጋጋ በኋላ እንዲሆን ተደረገ።

ከታችኛው ጫፍ የመዋጥና የድምፅ ነርቮች ከዕጢው ተለይተው በእርጥብ ጥጥ ተሸፈኑ። አይካ የሚባለው፣ ለትንሹ አንጎልና ለግንዱ ደም የሚያደርስ የደም ሥር ቀለበት ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ነበር። ወደ ዕጢው ብቻ የሚገቡት ቅርንጫፎች ደርቀው ተቆረጡ፤ ዋናው የደም ሥር ራሱና ወደ አንጎል የሚመለሱት ቅርንጫፎች ከሽፋኑ ተላጡ እንጂ አልተቆረጡም። የአይካ ጉዳት የፖንስን ጎን ይገድላል፤ የዚያ ታካሚ ፊት ብቻ ሳይሆን መራመዱም መዋጡም ይሄዳል። ከላይኛው ጫፍ ዕጢው ከአምስተኛው ነርቭ ሲላጥ የልብ ምቷ ከ78 ወደ 42 ወረደ። የአኔስቴዥያው ባለሙያ «ቁሙ» አለ፤ እጅ ሲነሳ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ። የልብ ምት የሚያፈጥነው አትሮፒን ዝግጁ ነበር፣ አልተሰጠም። ምልክቱ መረጃ ነው፤ በመድኃኒት አፍኖ መጎተቱን መቀጠል ትልቅ ስህተት ነው።

የፊት ነርቭ መነሻ በግንዱ ላይ የተገኘው ከስምንተኛው ነርቭ ፊት 2 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ነው። በ0.2 ሚሊአምፔር «አፍ» የሚለው ድምፅ ከሸራው ሥር መጣ። ከዚያ በኋላ መላጡ ከሁለት አቅጣጫ ሆነ፣ ከግንዱ ወደ ውጭና ከቦዩ ወደ ውስጥ። የቦዩ ጀርባ ግድግዳ በ3 ሚሊሜትር አልማዝ ድሪል 8 ሚሊሜትር ያህል ተከፈተ። ውኃ ሳይቋረጥ ይፈሳል፤ የድሪል ሙቀት ነርቭ ይጠብሳል። የአጥንቱ ዱቄት ወደ አንጎል ፈሳሽ እንዳይገባ ዙሪያው በጥጥ ተከበበ፤ ለወራት የሚቆይ ራስ ምታት ከሚያመጡት አንዱ ይህ ዱቄት ነው። ከቦዩ መጨረሻ የፊት ነርቭ ከፊትና ከላይ ነው፤ ቦታው የማይቀየርበት ብቸኛ ስፍራ ስለሆነ ፍለጋውም እርግጥ ይሆናል።

ከቦዩ አፍ ላይ ነርቩ ሰፍቶ፣ ስስና ግራጫ ሆኖ ከዕጢው ሽፋን ጋር አንድ ሆኗል። በማይክሮስኮፕ ከፍተኛ ማጉላት እንኳ ጠርዙ አይለይም። በዚያ ቦታ በሁለት ሙከራ መላጥ ተሞከረ፤ በሁለተኛው ከሸራው ሥር «አፍ፣ አፍ፣ አፍ» ሳይነካ መጣ፤ ነርቩ በመጎተት ብቻ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ ተቆመ። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ ከነርቩ ጋር ቀረች። ቀድሞ የተስማሙበት ቅደም ተከተል ባይኖር የሚሆነው ሌላ ነበር። በመጨረሻ ከግንዱ ላይ ነርቩ በ0.3 ሚሊአምፔር መለሰ።

ሲዘጋ የቦዩ የአየር ክፍሎች አንድ በአንድ በዋክስ ተሞሉ፣ ቦዩ በትንሽ የጡንቻ ቁራጭ ተደፈነ፣ የማስቶይዱ ጠርዝም ሁለተኛ በዋክስ ተጠረገ። ዱራው ከራስ ቅል ሽፋን በተወሰደ ቁራጭ ውኃ እንዳያሳልፍ ተሰፋ። ከመዘጋቱ በፊት የሳንባ ግፊት ለ10 ሰከንድ ከፍ ተደርጎ የተደበቀ የደም ሥር መፍሰስ መኖር አለመኖሩ ታየ። የፈሰሰው ደም 900 ሚሊሊትር ያህል ነው፤ 2 ዩኒት ተሰጠ። በአጠቃላይ 9 ሰዓት ፈጀ።

ከኦፕሬሽን በኋላ

ሌሊቱን በቬንትሌተር አደረች። ጠዋት ትእዛዝ ስትፈጽምና ስታስል ቱቦው ወጣ። በዚያው ቀን የተነሳው ሲቲ ስካን የደም ክምችት አላሳየም። ፊቷ ዓይኗን በጥረት የምትዘጋበት፣ በሃውስ ብራክማን መለኪያ (1 ጤነኛ፣ 6 ሙሉ ሽባ) 3ኛ ደረጃ ነበር። በአራተኛው ቀን ወደ 5ኛ ወረደ። ቤተሰቡ በጣም ደነገጠ። ይህ የዘገየ ሽባነት የታወቀ ነው፤ ነርቩ ሳይቆረጥ በእብጠት ይተኛል፣ ኦፕሬሽኑ ላይ መልስ ከሰጠ አብዛኛው ይመለሳል። ዴክሳሜታዞኑ ተራዘመ።

እዚህ ያለው ፈተና የፊቱ መልክ ሳይሆን የዓይኑ ነው። ቆቡ አይከደንም፣ ብሌኑም በአምስተኛው ነርቭ ምክንያት አይሰማውም፤ ስለዚህ ሲቆስል አታውቀውም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ብሌን በቀናት ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። ቀን በየሰዓቱ የእንባ ጠብታ፣ ሌሊት ቅባት ተሰጠ። ጎዝ በዓይን ላይ አስቀምጦ በፕላስተር ማሠር ግን ተከለከለ፤ ዓይኑ ከሥር ከተከፈተ ጎዙ ራሱ ብሌኑን ይፍቃል። በአምስተኛው ቀን የቆቦቹ የውጭ ጠርዝ በጊዜያዊነት ተሰፋ። ዓይኗ ቀልቶ እስኪታይ መጠበቅ ትክክል አይሆንም ነበር።

ድምፅዋ ትንሽ ጎርነን ስላለ ውኃ ከመጠጣቷ በፊት ተፈተነች፦ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በሻይ ማንኪያ። አሳላት። ለአምስት ቀናት በአፍንጫ ቱቦ ተመገበች፤ ሥራ የበዛበት ዋርድ ውስጥ እህቷ በብርጭቆ ሻይ እንዳትሰጣት አልጋዋ ራስጌ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ተለጠፈ። ከዚህ ኦፕሬሽን በኋላ የሚገድለው የሳንባ ምች ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንዲት ብርጭቆ ነው።

በስድስተኛው ቀን ስታጎነብስ ከቀኝ አፍንጫዋ ጥርት ያለ ውኃ ጠብ አለ። ቁስሉ ደረቅ ነው። መንገዱ ከቦዩ የአየር ክፍሎች ወደ መካከለኛው ጆሮ፣ ከዚያ በጆሮና አፍንጫ መገናኛ ቱቦ ነው፤ ሁሉም ክፍል በዋክስ እንደማይያዝ ይህ ያሳያል። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ በአፍንጫ ፈሳሽ ላይ ስለሚያሳስት አልታመኑበትም፤ ስታጎነብስ መጨመሩና ጨው ጨው ማለቱ በቂ ነበር።

ሸንቱ ዋጋ ያስከፈለው እዚህ ነው። በአንድ በኩል ግፊቱን ስለቀነሰ መፍሰሱ ትንሽ ሆነ። በሌላ በኩል ግን ከታች የሚስብ ሸንት ከላይ በተከፈተው ቀዳዳ አየር ወደ ራስ ቅል ሊያስገባ ይችላል። ለሌላ ታካሚ ወዲያው የሚደረገው የወገብ ማፍሰሻ ለእሷ ያንን ስበት ያባብስ ነበር፤ ስለዚህ ተተወ። ራስጌዋ 30 ዲግሪ ከፍ አለ፤ ሰገራ የሚያለሰልሰው ላክቱሎስ ተሰጣት፤ ማማጥ፣ መናፈጥና አፍ ይዞ ማስነጠስ ተከለከለ። በሲቲ ስካን አየሩ አለመጨመሩ ተረጋገጠ። ለመከላከያ ተብሎ አንቲባዮቲክ አልተሰጠም፤ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ከማፍራት አልፎ ማጅራት ገትርን እንደሚያስቀር አይታመንበትም፤ ትኩሳትና የአንገት መገተር ግን በየ6 ሰዓቱ ይታይ ነበር። መፍሰሱ በጀመረ በአራተኛው ቀን ደረቀ። ባይደርቅ ኖሮ ቀጣዩ እርምጃ ቁስሉን ከፍቶ የአየር ክፍሎቹን ዳግም መድፈን ነበር።

ፓቶሎጂው ሽዋኖማ መሆኑን አረጋገጠ። በ16ኛው ቀን በእግሯ እየሄደች ወጣች፤ ዱላ ይዛ፣ ዓይኗ ተሰፍቶ።

ክትትል

በሦስተኛው ወር ፊቷ ወደ 3ኛ ደረጃ ተመለሰ፣ የቆቡ ስፌት ተፈታ። በስድስተኛው ወር በደንብ ካልታየ የማይለይ 2ኛ ደረጃ ላይ ነበረች። ዱላውን ትታለች፤ እይታዋ በሁለቱም 6/9 ሆኗል። የብሌኗ ስሜት ግን ሙሉ በሙሉ ስላልተመለሰ ቡና ስትለቅም አቧራና ቅርንጫፍ የሚከላከል መነጽር እንድታደርግ፣ ዓይኗ ሲቀላ ሳያማትም ቢሆን በዚያው ቀን እንድትታይ ተነግሯታል። ለሚዛኗ የተሰጣት ልምምድ ቀላል ነው፦ በቡና ማድረቂያ አልጋዎች መሃል ባለው ቀጥ ያለ መተላለፊያ ቀን ቀን ጭንቅላቷን ቀኝና ግራ እያዞረች መራመድ፤ ሲመሽ ያለ ባትሪ አለመውጣት።

ለኤምአርአዩ ወጪ የጤና መድኑ ደብተር ታደሰ፣ የሪፈሩ ሰንሰለትም በወረዳው በኩል ተስተካከለ። የመጀመሪያው ኤምአርአይ በስድስተኛው ወር ተነሳ፤ ቀደም ብሎ ቢነሳ የኦፕሬሽኑን ጠባሳ ከቁራጩ መለየት ያስቸግራል። ቁራጩ በስሱ ነርቩ ላይ ይታያል፣ ግንዱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ቀጣዩ በየዓመቱ ለአምስት ዓመት ነው፤ ካላደገ እየተራራቀ ይሄዳል። ካደገ በዚያ መጠኑ ጨረር ሊደርስበት ይችላል። በእጇ የያዘችው ካርድ ላይ ከኤምአርአይ ቀን በተጨማሪ የሸንቱ ምልክቶች ተጽፈዋል፦ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ እንቅልፍ መብዛት፣ የዓይን መጋረድ፣ የሆድ ሕመም ከትኩሳት ጋር። አንዱ ከታየ የቀጠሮዋን ቀን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትመጣለች፤ ካርዱን ለሚያያት የጤና ባለሙያ ሁሉ ታሳያለች።